በቴክሳስ የመጀመሪያ የአጋዘን አደን ሊዝ፦ ከመፈረም በፊት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ጽሑፍ በዳላስ፣ በሂውስተን፣ በኦስቲንና በሳን አንቶኒዮ አካባቢ ለሚኖሩ፣ ለአጋዘን አደን የሚሆን መሬት ለመጀመሪያ ጊዜ ሊከራዩ ለሚያስቡ አማርኛ አንባቢዎች የተዘጋጀ ነው። የተጠቀሱት ደንቦች የቴክሳስ ናቸው፤ በሌላ ክፍለ ግዛት የሚኖር ሰው የራሱን ክፍለ ግዛት ደንብ ማየት ይኖርበታል። የፈቃድ ክፍያና የወቅቱ ቀኖች በየጊዜው ስለሚሻሻሉ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት የዓመቱን መመሪያ ያረጋግጡ።

የምከራየው በትክክል ምኑን ነው?

የሚከራዩት በሌላ ሰው መሬት ላይ ገብቶ የማደን መብትን ነው፤ መሬቱንም ሆነ አጋዘኑን አይደለም። የዱር እንስሳ በግል መሬት ላይ ቢግጥም እንኳ በሕግ የክፍለ ግዛቱ ሕዝብ ሀብት ስለሆነ ባለ መሬቱ የሚሸጥልዎት በሩን የመክፈት ፈቃዱን ብቻ ነው። ይህ ልዩነት ብዙ ነገር ይወስናል። ሙሉ ዓመት ከፍለው አንድም አጋዘን ሳያዩ ቢቀሩ ገንዘቤ ይመለስልኝ የሚሉበት መሠረት አይኖርዎትም፤ ባለ መሬቱም በመሬቱ ላይ ከብቱን ማሰማራቱን፣ አጥሩን ማደሱንና ሌላውን ሥራውን ይቀጥላል። አገር ቤት በከተማ ቦታ ሊዝ እንደሚደረገው የመገንባት ወይም መብቱን ለሌላ የማስተላለፍ ሥልጣንም አያገኙበትም።

ገበያው በቴክሳስ ይህን ያህል የሰፋበት ምክንያት ግልጽ ነው። ከክፍለ ግዛቱ መሬት 95 በመቶ ያህሉ የግል ነው፤ ነጭ ጅራት የሚባለው አጋዘን ደግሞ ከየትኛውም የአሜሪካ ክፍለ ግዛት ይልቅ እዚህ ይበዛል። እንስሳው የሕዝብ፣ የሚውልበት መሬት የግል በመሆኑ በመካከል ዋጋ የሚወጣለት መግቢያው ነው። ለገንዘብ ብሎ አዳኝ የሚያስገባ ባለ መሬት ከቴክሳስ ፓርክስ ኤንድ ዋይልድላይፍ መሥሪያ ቤት የአደን ሊዝ ፈቃድ የማውጣት ግዴታ አለበት፤ ያንን ፈቃድ ያሳዩኝ ማለትም ነውር የለውም።

ታዲያ ለጀማሪ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም?

ገና አንድ አጋዘን ገፍፎ ለማያውቅ ሰው የዓመት ሊዝ በመጀመሪያው ወቅት በአብዛኛው አያዋጣም የሚል አቋም አለኝ። ምክንያቱ የዋጋው መወደድ ብቻ አይደለም። ሊዝ ለከፋዩ የሚመልሰው በመመላለስ ነው፤ አንዱን መሬት በሙቀቱም በብርዱም ወራት አይቶ፣ ነፋሱ ማለዳ ከየት እንደሚመጣ፣ አጋዘኖቹ ከተኙበት ቁጥቋጦ ወደ ውኃ በየትኛው ሸለቆ እንደሚወርዱ፣ የትኛው የብረት በር ሲከፈት እንደሚጮህ ሳይቀር የሚያውቅ ሰው ለከፈለው ገንዘብ ዕውቀት ያገኝበታል። በዓመት ሁለት ቅዳሜ ብቻ ብቅ ለሚል ሰው ግን መሬቱ ሁልጊዜ አዲስ ነው። እንዲህ ያለው ሰው በቀን ሒሳብ እንግዳ የሚቀበል ራንች ሄዶ በመሪ እየታገዘ ቢያድን ገንዘቡም ጊዜውም ይተርፈዋል።

ስለዚህ ከኪራዩ በፊት የሚታየው የሥራዎ ፕሮግራም ነው። ቅዳሜና እሑድ ገቢው የሚበዛለት የታክሲ ወይም የኡበር ሹፌር፣ ሳምንታትን መንገድ ላይ የሚያሳልፍ የጭነት መኪና ነጂ፣ ወቅቱ ሲከፈት ሥራውን ትቶ ሊሄድ መቻሉን አስቀድሞ ያስላ። በአንጻሩ በሆስፒታል በፈረቃ እየሠራ ማክሰኞና ሐሙስ የሚያርፍ ሰው ከማንም የተሻለ ተጠቃሚ ሊሆን ይችላል፤ በሳምንቱ መካከል ሌሎቹ ተከራዮች ስለማይኖሩ መሬቱን ብቻውን ያገኘዋል፣ እንስሳቱም ቅዳሜ ከደረሰባቸው ግርግር ተረጋግተው ይወጣሉ።

ከአቋሜ ውጭ የማደርገው ሁለት ሁኔታ ብቻ ነው። አንደኛው፣ ዓመታት ያስቆጠረ አዳኝ ወዳጅዎ በያዘው ሊዝ ላይ ቦታ ተለቆ እርስዎን ሲጋብዝዎት ነው፤ ያን ጊዜ ከመሬቱ ጋር መምህርም እያገኙ ነው። ሁለተኛው፣ ልጆችዎን ለማስተማር ሲያስቡ ነው፤ ተኩስ መለማመጃ፣ ድንኳን መትከያና እንስሳ መመልከቻ የሚሆን የታወቀ ቦታ መኖሩ አጋዘን ባይወድቅም ዋጋ አለው።

ሒሳቡ ምን ይመስላል?

ዋጋው በኤከር ወይም በጠመንጃ፣ ማለትም በአዳኝ ቁጥር፣ ይተመናል። ለምሳሌ አምስት ጓደኛሞች 400 ኤከር፣ በአገራችን ልኬት አራት ጋሻ ገደማ፣ በኤከር 15 ዶላር ተከራዩ እንበል። ጠቅላላው 6,000፣ የአንዱ ድርሻ 1,200 ዶላር ይሆናል። ብዙ ሰው ሒሳቡን የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው፤ ወጪው ግን ገና መጀመሩ ነው። የነዋሪ የአደን ፈቃድ 25 ዶላር፣ የበቆሎ መዋጮ 150፣ ለስድስት ጉዞ ነዳጅ 300፣ አንድ አጋዘን ገፍፎና ብልት በብልት ቆርጦ ለሚያሽግ ሥጋ ቤት 150 ብንይዝ ድምሩ 1,825 ዶላር ይደርሳል። ሂል ካንትሪ በሚባለው የማዕከላዊ ቴክሳስ ኮረብታማ አካባቢ ከሚገኝ አንድ መካከለኛ አጋዘን አጥንቱ ወጥቶ የሚገኘው ሥጋ 35 ፓውንድ ቢሆን አንዱ ፓውንድ ከ52 ዶላር በላይ ወጣበት ማለት ነው። ሁለት አጋዘን ቢያገኙ ወደ 28 ዶላር ይወርዳል። ጠመንጃ፣ መነጽሩና ጫማው አልተቆጠረም። በዚህ ዋጋ ከሐበሻ ሥጋ ቤት ሽንጥ እየመረጡ መግዛት ስለሚቻል ሥጋ ለማግኘት ብቻ ሊዝ የሚፈርም ሰው ከወዲሁ ቢተወው ይሻለዋል።

ስለ በቆሎው አንድ ነገር ልጨምር። በቴክሳስ የግል መሬት ላይ አጋዘንን በበቆሎ መሳብ የተፈቀደ ነው፤ በርሜል ላይ የተገጠመ መበተኛ በሰዓት ተሞልቶ ማለዳና አመሻሽ ላይ ለጥቂት ሴኮንዶች እየዞረ በቆሎውን ይረጫል። መበተኛው ባዶ ሲሆን የሚሞላው ማን ነው የሚለው ጥያቄ በተከራዮች መካከል የጠብ ምንጭ ነው። ከከተማ ሦስት ሰዓት ነድቶ 50 ፓውንድ የሚመዝኑ ጆንያዎችን የሚሸከመው ሁልጊዜ አንድ ሰው ከሆነ ሊዙ ሁለተኛ ዓመት አይደርስም።

ወቅቱ ከገና ጾም ጋር እንዴት ይታረቃል?

ለሚጾም ሰው ይህ ጥያቄ ከዋጋው እኩል ሊመዘን ይገባዋል። አጠቃላዩ የጠመንጃ ወቅት የሚከፈተው በኖቬምበር የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ በእኛ አቆጣጠር በጥቅምት የመጨረሻ ቀኖች ነው። በሰሜን ዞን የሚዘጋው በጃንዋሪ የመጀመሪያው እሑድ፣ በደቡብ ዞን ደግሞ በጃንዋሪ ሦስተኛው እሑድ ነው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15፣ ማለትም ኖቬምበር 24 ወይም 25 ገብቶ እስከ ገና ስለሚቆይ በሰሜን ዞን መሬት የተከራየ ጿሚ ከሁለት ወር በላይ ለሆነ ወቅት ከፍሎ ከጾም ውጭ የሚያገኘው ከመክፈቻው በኋላ ያሉትን ሦስት ሳምንታት ገደማ ብቻ ነው፤ ዞኑ የሚዘጋውም ከገና በፊት፣ ቢዘገይ በዕለቱ ነው። በደቡብ ዞን ግን፣ ማለትም በአብዛኛው ከሳን አንቶኒዮ በታች ባሉት ካውንቲዎች፣ ከገና በኋላ እስከ ጥምቀት ሰሞን ድረስ ተጨማሪ ቀኖች ይገኛሉ።

ይህን ሲሰሙ ወደ ደቡብ ከመሮጥ በፊት ሌላም ጉዳይ አለ። ወንዱ አጋዘን ጥንቃቄውን ትቶ በቀን የሚንቀሳቀሰው እንስቶቹን በሚከተልበት ሰሞን ነው፤ ያ ሰሞን በሂል ካንትሪ ምሥራቃዊ ክፍል በኖቬምበር መጀመሪያ፣ በደቡብ ቴክሳስ ግን ከዲሴምበር አጋማሽ ወዲህ ይውላል። የደቡቡ ምርጥ ጊዜ በጾሙ መካከል፣ የሂል ካንትሪው ደግሞ ከጾሙ በፊት ይወድቃል ማለት ነው። ስለዚህ በጾም ወራት ወደ አደን ለማይወጣ ሰው እንደ ላኖና ጊሌስፒ ባሉ የሂል ካንትሪ ካውንቲዎች ለኖቬምበር ብቻ የሚሆን አጭር ውል መደራደር ከዓመት ሊዝ ይልቅ የሚሻል ይመስለኛል። በጾሙ ወቅት አድነው ሥጋውን ለገና በማቀዝቀዣ የሚያቆዩም አሉ፤ ይህ እያንዳንዱ ከንስሐ አባቱ ጋር የሚመክርበት ነው። ለተቸገሩ መስጠት ለሚፈልግ ደግሞ ሀንተርስ ፎር ዘ ሀንግሪ የሚባለው መርሐ ግብር አባል በሆኑ ሥጋ ቤቶች በኩል የአጋዘን ሥጋ ይቀበላል።

ማስታወቂያው «አጋዘንና የዱር አሳማ» ይላል። የአሳማው መኖር ዋጋውን ያጸድቀዋል?

ለእኛ ቤት አያጸድቀውም። አሳማ ዓመቱን ሙሉ ስለሚታደንና ከ2019 ወዲህ በባለ መሬቱ ፈቃድ በግል መሬት ላይ ለማደን የአደን ፈቃድም ስለማያስፈልገው ለሌላው አዳኝ የሊዙን ጥቅም ያሰፋዋል፤ አሳማ ለማይበላ ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም ግን አሳማው ከጥቅም ይልቅ ወጪ ነው። ለአጋዘን የተበተነውን በቆሎ ሌሊት ጠርጎ ይበላል፣ መሬቱን ይቆፍራል፣ መበተኛውን ይገፈትራል። በአሳማ ምክንያት ዋጋ የተጨመረበትን መሬት ሲያዩ ይህንኑ ጠቅሰው ይደራደሩ።

ያለ ሊዝ የት ማደን እችላለሁ?

የክፍለ ግዛቱ ዓመታዊ የሕዝብ አደን ፈቃድ 48 ዶላር ሲሆን ወደ አንድ ሚሊዮን ኤከር የሚጠጋ መሬት ይከፍታል፤ ከሂውስተን በስተ ሰሜን ያለው የሳም ሂውስተን ብሔራዊ ደን ከሚታወቁት አንዱ ነው። በዕጣ የሚሰጡ የአደን ዕድሎችም አሉ፤ ማመልከቻቸው ጥቂት ዶላር ብቻ ነው። የሕዝብ መሬት ሰው ይበዛበታል፣ በበቆሎ መሳብ አይፈቀድበትም፣ ደማቅ ብርቱካናማ ልብስና ቆብ መልበስም ግዴታ ነው። ለጀማሪ ግን አስቸጋሪነቱ ራሱ ትምህርት ነው፤ በዚያ ቅዝቃዜ ማለዳ ተነሥቶ ለሰዓታት ዝም ብሎ መቀመጥን የማይወድ መሆኑን የሚያውቅ ሰው 1,200 ዶላር ከመክፈሉ በፊት ቢያውቀው ይሻላል።

የስደት ወረቀቴ ለአደን ችግር ይፈጥራል?

ሊፈጥር ስለሚችል ይህን ከሊዝ ማፈላለግ በፊት ይጨርሱ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በሌላ ምክንያት ካልተከለከለ በቀር ጠመንጃ መያዝ ይችላል። በጊዜያዊ ቪዛ የገባ ሰው፣ ለምሳሌ ተማሪ ወይም ጎብኚ፣ በፌዴራል ሕግ ጠመንጃም ሆነ ጥይት መያዝ የተከለከለ ነው፤ ሕጉ ከፈቀዳቸው ልዩ ሁኔታዎች አንዱ ግን ጸንቶ ያለ የአደን ፈቃድ በእጅ መኖሩ ነው። ያለ ሕጋዊ መኖሪያ ያለ ሰው የጓደኛውን ጠመንጃ እንኳ ቢይዝ ከባድ ወንጀል ይሆንበታል። በከባድ ወንጀል ወይም በቤት ውስጥ ጥቃት የተፈረደበት ሰውም፣ ዜጋ ቢሆን እንኳ፣ ክልከላው ይመለከተዋል። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ያልተቋጨለት ሰው የጓደኛ ምክር ሳይሆን የስደት ሕግ ጠበቃ ቃል ይዞ ይንቀሳቀስ፤ በዚህ የሚደርስ ስሕተት የሚያስከፍለው የመኖሪያ ፈቃድን ሊሆን ይችላል።

ምን ዓይነት ፈቃድና ሥልጠና ያስፈልገኛል?

በቴክሳስ ከስድስት ወር በላይ ያለማቋረጥ የኖረ ሰው የነዋሪ ፈቃድ በ25 ዶላር ያወጣል፤ ከቨርጂኒያ ወይም ከሜሪላንድ ሊዙን ሊጋራ የሚመጣ ዘመድዎ ግን ለአጋዘን የሚከፍለው የነዋሪ ላልሆኑ የተወሰነውን 315 ዶላር ነው። ከሴፕቴምበር 2 ቀን 1971 ጀምሮ የተወለደ ሁሉ የአዳኝ ሥልጠና መውሰድ አለበት፤ 17 ዓመት የሞላው ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት ሊጨርሰው ይችላል።

ደንቡ በካውንቲ ስለሚለያይ የሊዙ መሬት የትኛው ካውንቲ እንደሆነ ማወቅ የዋጋው አካል ነው። በብዙ ካውንቲዎች ወንድ አጋዘን ለመግደል የቀንዶቹ የውስጥ ስፋት 13 ኢንች መሙላት ወይም ከሁለቱ አንዱ ቀንድ ቅርንጫፍ የሌለው መሆን ይኖርበታል፤ በአንዳንዶቹ ደግሞ እንስት የሚታደንበት ቀን የተወሰነ ነው። እንስሳው እንደወደቀ፣ ፎቶ ከመነሣትም ሆነ ከመጎተት በፊት፣ ከወረቀት ፈቃዱ ላይ መለያውን ቆርጦ፣ በመለያው ላይ ወሩንና ቀኑን በስለት አውጥቶ እንስሳው ላይ ማሰር ግዴታ ነው። ጌም ዋርደን፣ ማለትም የአደን ሕግ አስከባሪ፣ በመንገድ ላይ ቢያስቆምዎት መጀመሪያ የሚያየው ይህንን ነው።

መሬቱን ስጎበኝ ምን ላይ ላተኩር?

በፎቶ ብቻ አይፈርሙ። ባለ መሬቱ ወይም ወኪሉ በመኪና የአጥሩን ዙሪያ እንዲያሳይዎት ይጠይቁ፤ ከውስጡ ይልቅ ብዙ የሚናገረው አጥሩ ነው። የጎረቤት አዳኝ መደበቂያ ጎጆ በአጥሩ ጥግ ቆሞ መስኮቱ ወደ እርስዎ መሬት ከዞረ እንስሳቱን የሚጋራዎት ሰው አለ ማለት ነው፤ ከዚህም በላይ ያ መስኮት የደኅንነት ጥያቄ ነው። ጥይት ያለ ፈቃድ የመሬት ወሰን እንዲሻገር ማድረግ በቴክሳስ ወንጀል ነው፤ የቆሰለ አጋዘን አጥር ዘሎ ቢሻገር እንኳ ጎረቤቱን ሳያስፈቅዱ ተከትሎ መግባት አይቻልም። በዛፍ ግንድ ወይም በአጥር እንጨት ላይ ሐምራዊ ቀለም ቁልቁል ተቀብቶ ካዩ «መግባት ክልክል ነው» ከሚል ጽሑፍ እኩል ሕጋዊ ክብደት አለው።

ከመኪና ወርደው በእግር ይሂዱ። በኦክ ዛፎች ሥርና በውኃው ዳር ከፍየል በጠጥ የማይለይ ፈግ፣ ጭቃ ላይ ለሁለት የተሰነጠቀ ኮቴ፣ ወንዱ ቀንዱን አሽቶበት ልጡ የተላጠ ቀጭን ግንድ ይፈልጉ። በበቆሎ መበተኛው ዙሪያ መሬቱ እንደታረሰ ሆኖ ካገኙት የአሳማ ሥራ ነው። የቆሙትን ጎጆዎች ይቁጠሩ፤ 400 ኤከር ላይ አሥር ጎጆ ካለ ያለፈው ዓመት ተከራይ ስንት እንደነበር ጎጆዎቹ ነግረውዎታል። ለአንድ ጠመንጃ ከ100 ኤከር በታች የሚደርስበት መሬት፣ በተለይ ሜዳማ ከሆነ፣ ለደኅንነትም ለአደኑም ጠባብ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በሒሳቡ ምሳሌ ያየናቸው አምስቱ ጓደኛሞችም በዚህ መለኪያ አንድ ሰው በዝተዋል። በመጨረሻም ከመግቢያው በር እስከ መሬቱ መሀል ያለው መንገድ ዝናብ ሲጥል መኪናዎን ያሳልፍ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ጥቁር ጭቃ ባለበት አካባቢ ያለ ፎር ዊል መኪና የተከራየ ሰው ከወቅቱ ጥሩ ጥሩዎቹን ቀኖች በር ላይ ቆሞ ያሳልፋቸዋል።

በውሉ ውስጥ ምን መጻፍ አለበት?

በቴክሳስ ሕግ ከአንድ ዓመት በላይ የሚቆይ የመሬት ኪራይ በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም፤ አጭሩንም ቢሆን በቃል መተው አይገባም። ውሉ የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ቀን፣ ዓመቱን ሙሉ ነው ወይስ ለወቅቱ ብቻ የሚለውን፣ በአንድ ጊዜ ስንት ጠመንጃ መግባት እንደሚችልና እንግዳ ማምጣት የሚቻል ከሆነ በምን ሁኔታ እንደሆነ ይግለጽ። የመጨረሻው ለእኛ ማኅበረሰብ ቀላል ነገር አይደለም። አንዱ ወንድሙን፣ ሌላው አብሮ አደጉን፣ ሦስተኛው ከነቤተሰቡ ይዞ ሲመጣ ባለ መሬቱ ለአምስት ሰው ባከራየው ቦታ ላይ ሃያ ሰው እሳት ከቦ ቢያገኝ ውሉን ማፍረሱ አይቀርም፤ ልጆች ያለ ጠመንጃ መግባታቸው እንደ እንግዳ ይቆጠር እንደሆነ ሳይቀር አስቀድሞ ይጠየቅ።

ከሕጉ በላይ ባለ መሬቱ የሚጨምረው የአደን ገደብ መኖሩንም ያረጋግጡ። ሕጉ ሁለት ወንድ ቢፈቅድም ራንቹ አንድ ብቻ፣ ያውም ዕድሜው የገፋ፣ ሊል ይችላል፤ ጀማሪ የአጋዘንን ዕድሜ በሩቅ መለየት ስለማይችል እንዲህ ያለው አንቀጽ በተግባር ወንድ እንዳይነካ የሚከለክል ነው፣ ዋጋውም በዚያው ልክ መውረድ አለበት። ጎጆዎቹና መበተኛዎቹ የማን እንደሆኑ፣ ውሃና መብራት መኖሩ፣ መሬቱ በመካከል ቢሸጥ የቀሪው ጊዜ ገንዘብ መመለሱ፣ የተጠያቂነት ኢንሹራንስ የሚገባው ማን እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ። ባለ መሬቱ ለጉዳት ተጠያቂ እንደማይሆን የሚገልጽ ወረቀት እንደሚያስፈርምዎት ይጠብቁ፤ የተለመደ ነው፣ ነገር ግን አንብበው ይፈርሙ።

ከጓደኞቼ ጋር ብጋራ የሚያሰጋ ነገር አለ?

ስጋቱ ያለው ፈራሚው ላይ ነው። አምስት ሰው ገንዘብ አዋጥቶ አንዱ ብቻ ሲፈርም ለጎደለው ክፍያ፣ ላልተዘጋ በር፣ ለጠፋው ጥጃ የሚጠየቀው ያ አንዱ ነው። ሁሉም ስማቸው በውሉ ላይ ይግባ፣ መዋጮውም ከፊርማው በፊት ሙሉ በሙሉ ይሰብሰብ፤ «ደመወዝ ስቀበል እሰጣለሁ» የሚል ጓደኛ ካለ ድርሻውን ለሌላ ይስጡት እንጂ አይሸፍኑለት። ማን የት እንደተቀመጠ የሚታይበት የመሬቱ ካርታ በመግቢያው ላይ ይሰቀል፣ እያንዳንዱም ሲገባ ስሙን የሚቀመጥበት ጎጆ ላይ ያኑር። ይሉኝታ በዚህ ቦታ አደገኛ ነው። መጠጥ ቀምሶ ጠመንጃ የሚያነሣን ሰው ታላቅም ቢሆን ከመሬቱ ማስወጣት የሚችል ሰው ከመካከላችሁ መኖሩን እርግጠኛ ካልሆኑ አይጋሩ።

ሥጋው በቤታችን ይበላል?

ይህንን ከባለቤትዎና ከቤተሰብዎ ጋር ከመፈረምዎ በፊት ይነጋገሩበት፤ ቤቱ ለማይበላው ሥጋ ሊዝ መክፈል ትርጉም የለውም። አጋዘን የሚያመሰኳና ሰኮናው የተሰነጠቀ በመሆኑ በኦሪት ዘዳግም ከሚበሉት ጋር ተቆጥሯል፤ ጥያቄ የሚነሣው በጥይት ወድቆ ቢላዋ ሳይደርስበት በሞተው ላይ ነው፣ ይህንን ለንስሐ አባት ማቅረብ ይገባል። ሙስሊም አዳኝ ሲተኩስ የአላህን ስም ይጠራል፣ ነፍሱ ሳትወጣ የደረሰበትንም ያርዳል።

ጥሬውን ግን ማንም አይብላ። ክትፎም ሆነ ጎረድ ጎረድ ከአጋዘን ሥጋ አይሠራም፤ ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስና ሆድ ዕቃ ሲከፈት ሥጋውን የሚበክሉ ባክቴሪያዎች በከተማ ሥጋ ቤት ከምናውቀው ሥጋ የበለጠ ያሰጋሉ፣ ለነፍሰ ጡር ደግሞ አደጋው የከፋ ነው። የተፈጨው ሥጋ ውስጡ 160 ዲግሪ ፋራናይት እስኪደርስ ይብሰል። ለብለብም ቢሆን ይቅር። በሌላ በኩል ከ2012 ጀምሮ በቴክሳስ የተገኘው ክሮኒክ ዌስቲንግ የተባለው የአጋዘን የአንጎል በሽታ በማብሰል አይጠፋም፤ ወደ ሰው መተላለፉ ባይረጋገጥም የጤና ባለሥልጣናት በሽታው የተገኘበትን ሥጋ እንዳይበላ ይመክራሉ። ሊከራዩት ያሰቡት መሬት በሽታው በተገኘበት ቀጠና ውስጥ ከሆነ እንስሳውን ማስመርመር ግዴታ መሆን አለመሆኑንና የአጥንቱን አወጋገድ ደንብ ከዓመቱ መመሪያ ያረጋግጡ። ሥጋው ስብ ስለሌለው በጥብስ ይደርቃል፤ ለቋንጣ ግን የሚወዳደረው የለም።

አጭበርባሪን እንዴት ልለይ?

በሌላ ሰው መሬት ፎቶ ማስታወቂያ አውጥቶ «ሌላ ፈላጊ አለ፣ ዛሬውኑ ቀብድ ላክ» የሚል ሰው ብዙ ነው። በየካውንቲው ያለው የንብረት ግምት ጽሕፈት ቤት የባለ መሬቱን ስም በድረ ገጹ ላይ በነጻ ያሳያል፤ በውሉ ላይ ያለው ስም ከዚያ ጋር ካልገጠመ የወኪልነት ወረቀት ይጠይቁ። መሬቱ ላይ ቆመው ሳያዩ፣ በሩን የሚከፍት ሰው ፊት ለፊት ሳያገኙ በዜል አይላኩ።

ከአንድ ወቅት በኋላ መቀጠል አለመቀጠሌን በምን ልወስን?

አጋዘን መግደል አለመግደልዎን ብቻ አይመልከቱ። ስንት ጊዜ እንደሄዱ፣ በሄዱበት ቀን እንስሳ ማየትዎን፣ ጎረቤት ተኩሶ እንዳላስቸገረዎት፣ ተከራዮቹ ድርሻቸውን መሥራታቸውን ያስቡ። አጋዘን ሳይጥሉ ብዙ ጊዜ እንስሳ ያዩበትን መሬት አይልቀቁ፤ በአንጻሩ በመክፈቻው ቀን አንድ ጥለው ከዚያ በኋላ ሥራ ይዞዎት ዝር ያላሉበትን መሬት ለሁለተኛ ዓመት መክፈል አያስፈልግም። ብዙ ውሎች ካልተሰረዙ በራሳቸው የሚታደሱ ወይም ወቅቱ እንደተዘጋ ቀዳሚነት የሚሰጡ በመሆናቸው የማሳወቂያውን የመጨረሻ ቀን አስቀድመው ይመዝግቡ፤ የሚለቁ ከሆነም ጎጆዎንና መበተኛዎን በውሉ ከተሰጠው ቀን በፊት ያንሡ፣ ከዚያ በኋላ የቀረ ዕቃ በብዙ ውሎች ለባለ መሬቱ ይተርፋልና።